ኮለስትሮልና ልብ፦ ድሬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ አይደለም። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ «አቦ፣ ይሄ ቁጥር ምን ማለት ነው?» ይለኛል። ከከዚራም ይምጣ ከመጋላ፣ ከሳቢያንም ይምጣ ከገንደ ቆሬ፣ ጥያቄው ይመሳሰላል። ስለዚህ መልሱን ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። ሐኪምን አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ይጠቁማል።

ኮለስትሮል መጥፎ ከሆነ ሰውነታችን ለምን ይሠራዋል?

መጥፎ አይደለም። የእያንዳንዱ ሴላችን ሽፋን ውስጥ ኮለስትሮል አለ። ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። አብዛኛውን የሚያመርተው ሰውነታችን ራሱ ነው። ከምግብ የሚገባው ያነሰ ነው።

ችግሩ ያለው አጓጓዡ ላይ ነው። ኮለስትሮል ቅባት ስለሆነ ደም ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው። ጥቅሉ ሊፖፕሮቲን ይባላል። እንደ ድሬ ባጃጅ አስቡት። ኮለስትሮል ተሳፋሪው ነው፤ ሊፖፕሮቲን ባጃጁ። መንገዱን የሚያጨናንቀው የተሳፋሪው ቁጥር ሳይሆን የባጃጁ ብዛት ነው። ኤልዲኤል የሚባለው ዋነኛው ባጃጅ ነው። እያንዳንዱ ኤልዲኤል አፖቢ የሚባል አንድ ፕሮቲን ተሸክሟል፤ አንድ ባጃጅ አንድ ታርጋ እንዳለው ማለት ነው። አፖቢን የሚለካ ላብራቶሪ ካገኛችሁ የባጃጆቹን ቁጥር በቀጥታ አወቃችሁ። ሁሉም ቦታ አይሠራም። ካልተገኘ ኤልዲኤልም ይበቃል።

ኤልዲኤል ልብን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ኤልዲኤል ትንሽ ስለሆነ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። ከገባው ውስጥ የተወሰነው እዚያው ተይዞ ይቀራል። የቀረው ይበላሻል። ነጭ የደም ሴሎች ሊያጸዱት መጥተው ይውጡታል፤ ቅባት ጠግበውም እዚያው ይሞታሉ። ይህ ዓመት ከዓመት እየተደራረበ ግድግዳው ውስጥ ክምር ይሠራል። ብዙ ሰው ሥሩ ቀስ በቀስ ጠቦ ጠቦ አንድ ቀን የሚዘጋ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ ነው የሚሆነው፦ ክምሩ ድንገት ይሰነጠቃል፣ እዚያ ላይ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደም በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱን ይዘጋል። ልብ ላይ ሲሆን የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ነው። አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ።

ስለዚህ የሚቆጠረው የዛሬው ቁጥር ብቻ አይደለም። ስንት ዓመት ከፍ ብሎ እንደቆየም ይቆጠራል። በ30 ዓመቱ ኤልዲኤሉ 160 የሆነ ሰው «ገና ልጅ ነኝ» ብሎ ሲተወው የምሰጋው ለዚህ ነው። ጉዳቱ የሚጠራቀመው በእነዚያ ዝም ባሉት ዓመታት ነው።

የኤልዲኤል ጥፋተኝነት ከአንድ ጥናት የመጣ ወሬ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ነዋሪዎችን በመከታተል ኮለስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ታየ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ደግሞ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምበትን መያዣ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ይህ መያዣ ከሁለቱም ወላጆቻቸው ተበላሽቶ የሚወለዱ ልጆች በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው የልብ ጥቃት ሊደርስባቸው ይችላል። ሲጋራ አላጨሱ፣ ስኳር የለባቸው፣ ግፊት የለባቸው። ኤልዲኤል ብቻውን በቂ ነው ማለት ነው።

ወረቀቱን እንዴት ላንብበው?

ሊፒድ ፕሮፋይል (የደም ቅባት ምርመራ) ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቁጥር አለ፦ ጠቅላላ ኮለስትሮል፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» የሚባለው ጥቅል)፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላ የደም ቅባት ዓይነት) እና ኤልዲኤል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ጠቅላላው 242፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 180 ነው እንበል፤ በሚሊግራም በዴሲሊትር።

ብዙ ላብራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩም፤ ያሰሉታል። ትራይግሊሰራይዱን ለ5 ያካፍላሉ፦ 36። ከዚያ 242 ሲቀነስ 38 ሲቀነስ 36። ውጤቱ 168 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ይህ ስሌት አይሠራም። ያኔ ከ9 እስከ 12 ለሚደርሱ ሰዓታት ምግብ ሳትበሉ ቆይታችሁ ድጋሚ መለካት ወይም በቀጥታ ማስለካት ይሻላል።

ወረቀቱ ላይ ላይጻፍ የሚችል፣ እኔ ግን ሁሌ በእስክሪብቶ የምጨምረው ቁጥር አለ። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ቀንሱ። እዚህ 204 ይሆናል። ይህ ሥር ውስጥ የሚገቡትን ሁሉንም ጎጂ ጥቅሎች አንድ ላይ ይይዛል። ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ላለና ስኳር ላለባቸው ሰዎች ከኤልዲኤል የተሻለ ይናገራል።

ከቁጥሩ ጎን የምትታየው ቀይ ምልክት ወይም «ኖርማል» የሚለው ቃል ግን አያታልላችሁ። 110 የሆነ ኤልዲኤል ለጤነኛ ወጣት ብዙ አያሳስብም። የልብ ጥቃት ደርሶበት ለተረፈ ሰው ግን ከፍተኛ ነው። ለእሱ ከ70 በታች መውረድ አለበት፤ እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የአውሮፓ መመሪያ እንዲያውም ከ55 በታች ይላል። 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ በሽታ ባይኖርም መድኃኒት ያስፈልጋል። በመሃል ያለው ሁሉ የሚወሰነው ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና የቤተሰብ ታሪክ አንድ ላይ ታይተው ነው።

ለምርመራው መጾም አለብኝ?

ለመጀመሪያ ምርመራ ግድ አይደለም። በልታችሁ ብትመጡ ኤልዲኤልና ኤችዲኤል ብዙም አይለወጡም፤ ከፍ የሚለው ትራይግሊሰራይድ ነው። ሐኪሙ በባዶ ሆድ ካለ ግን እሱን ስሙ። ውሃ መጠጣት ይቻላል። በድሬ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ መምጣት ራስን መቅጣት ነው።

ቀጭን ነኝ፣ ስጋም አላበዛም። እንዴት ከፍ ሊል ቻለ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ፊታቸው ላይ ቅሬታ አለ። እውነት አላቸው። ውፍረትና ኤልዲኤል ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይገናኙም።

አንደኛው ምክንያት ዘር ነው። ከ250 ሰዎች አንዱ አካባቢ ከአንድ ወላጁ የወረሰው ከፍተኛ ኮለስትሮል አለው። ጉበቱ ኤልዲኤልን በደንብ አይለቅምም። ተረከዛችሁ ላይ ያለውን ወፍራም ጅማት ዳብሱት። ከወትሮው የወፈረ ወይም ጠጠር ጠጠር የሚል ከሆነ ለሐኪም አሳዩ። ከ45 ዓመት በፊት የዓይናችሁ ጥቁር ክብ ዳር ነጣ ያለ ቀለበት ከሠራም እንዲሁ። አባት ወይም ወንድም ከ55 በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 በፊት የልብ ጥቃት ደርሶባቸው ከሆነ ደግሞ ምልክት አትጠብቁ። ከወላጆቹ አንዱ ይህ የዘር ኮለስትሮል ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጆችን ከ10 ዓመት በፊትም ማስመርመር ይቻላል።

ሁለተኛው ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ነው። ዕጢው ሲደክም ኤልዲኤል ከፍ ይላል። እንቅርት ያለበት፣ ሁልጊዜ የሚደክመው፣ ድሬ ላይ እንኳ የሚበርደው ሰው ቲኤስኤች (የታይሮይድን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካ። ታይሮይዱ ሲታከም ኮለስትሮሉ አብሮ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ፕሮቲን የሚያፈስ የኩላሊት ሕመምም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርገዋል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቆም ቁጥሩ ከፍ ይላል። እርጉዝ ላይም በተፈጥሮው ይጨምራል፤ ስለዚህ የእርግዝና ወቅት ውጤት አያስደንግጣችሁ።

ምልክቱ ምንድን ነው?

የለውም። ራስ ምታት አይደለም፣ ማዞር አይደለም፣ ድካም አይደለም። ሳትለኩ አታውቁትም።

የልብ ጥቃት ግን ምልክት አለው፣ እኛ ጋ ደግሞ «ጨጓራዬ ነው» እየተባለ ሰው ያልቃል። ደረት ላይ እንደ ከባድ ነገር መጫን፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ማቅለሽለሽና ድንገተኛ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲመጣ የጨጓራ ሽሮፕ ለመግዛት እኔ ጋ አትምጡ። ቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። ድል ጮራም ይሁን ሳቢያን፣ ቅርብ ያላችሁ ጋ። እያንዳንዱ ደቂቃ የልብ ጡንቻ ነው።

የማይረጋ ዘይት ነው የምጠቀመው፤ ይበቃል አይደል?

እዚህ ላይ ድሬ ያታልላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የፓልም ዘይት ጀሪካን ኩሽና ውስጥ ሲያስቀምጥ ጠዋት ነጭ ሆኖ ረግቶ ያየዋል። እኛ ጋ ያው ዘይት ቀኑን ሙሉ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሙቀታችን ነው ያቀለጠው። ዘይቱ አልተለወጠም። ፓልም ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው፣ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ቅባት ነው። የሱፍ አበባ ዘይት ላይ ከ10 እስከ 12 ከመቶ አካባቢ ነው። ኑግም ዝቅተኛ ነው።

ስለዚህ በዓይን አትፍረዱ፤ ጀሪካኑን አዙሩና አንብቡ። «ፓልም ኦሊን» የሚል ካለ ያው ነው። «ቬጅቴብል ኦይል» ብቻ የሚል ምንም አልነገራችሁም። «ኮለስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍም እንዲሁ። ማንኛውም የአትክልት ዘይት ኮለስትሮል የለውም! ጥያቄው ሳቹሬትድ ቅባቱ ስንት ነው የሚለው ነው።

የዋጋውን ነገር አውቃለሁ። ፓልም ርካሽ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የሚችለውን ነው የሚገዛው። ሌላ መግዛት ካልተቻለ መጠኑን መቀነስ ራሱ ይረዳል። ወጥ ላይ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ፤ ከጀሪካኑ አታንቆርቁሩ።

ቅቤ፣ እንቁላል፣ የግመል ስጋስ?

ቅቤ ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ቅባት ነው። በበዓል ዶሮ ወጥ ላይ ገባ ብሎ ማንም አይጎዳም። በየቀኑ ገንፎ ላይና ጠዋት ፍርፍር ላይ ከሆነ ቁጥሩ ላይ ይታያል። የግመል ስጋ ቀዩ ክፍል ስቡ ትንሽ ነው፤ ሻኛው ግን ስብ ነው። እንቁላል የሚፈራውን ያህል አይደለም፤ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ችግር የለውም።

ከሚቀነሰው ይልቅ የሚጨመረው ላይ ባወራ ደስ ይለኛል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ፉል፣ ገብስ፣ ተልባ ኤልዲኤልን የሚያወርድ ቃጫ አላቸው። ጠዋት ፉል የሚበላ የድሬ ሰው ጥሩ ነገር ነው የያዘው፤ ከላዩ የሚፈሰውን ዘይት ብቻ ይቀንስ። ማታ የሚጠበሰው ሳንቡሳና ባጊያ፣ ከሻይ ጋር የሚበላው ሙሸበክ ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ስኳርና ነጭ ዱቄት ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋሉ። ትራይግሊሰራይድ ከ500 ሲያልፍ ቆሽትን የሚያቆስል አደገኛ ሕመም ያሰጋል፤ የዚያን ጊዜ ስኳር በሽታም አብሮ ይፈተሽ።

ቡና ልተው?

አትተዉ። ያልተጣራ ቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፣ ኤልዲኤልን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። የጀበና ቡና የፈላ ስለሆነ አለው፤ በወረቀት ማጣሪያ ያለፈ ቡና ላይ ግን ብዙውን ወረቀቱ ያስቀረዋል። ሲኒያችን ትንሽ ናት። ከአቦል እስከ በረካ፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት ቤት ውስጥ ቁጥሩ አልወርድ ካለ ግን ቢቀንሱ ጥሩ ነው። ሐረሮች ከቅጠሉ የሚያፈሉት ቁጢ ሌላ ነው፤ ካፌስቶል በዋናነት ያለው ፍሬው ላይ ነው።

ጫት ኮለስትሮል ያወርዳል ይባላል። እውነት ነው?

በዚህ አትተማመኑ። ጫት ልብን የሚጎዳበት መንገድ ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ግፊትና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ደም ሥሮችን ያጠባል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጫት ከልብ ጥቃት ጋር እንደሚያያዝ፣ አብዝተው በሚቅሙት ላይም አደጋው እንደሚበረታ አሳይተዋል። ሥሩ ውስጥ ክምር ያለበት ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ ይገናኛሉ። በዚያ ላይ ሲጋራው፣ ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዚያም ጨብሲው፣ እንቅልፍ ማጣቱ። ልብ ሕመም ያለበት ወንድማችሁን «ቀንስ» ሳይሆን «ተው» በሉት። ከባድ ነገር እንደጠየቃችሁት አውቃለሁ። ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።

ኤችዲኤሌ ከፍተኛ ነው። አያድነኝም?

ኤችዲኤል «ጥሩው» ሲባል ኖሯል። ዝቅተኛ ሲሆን መጥፎ ምልክት ነው፤ ይህ አልተለወጠም። ነገር ግን ኤችዲኤልን ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ተሞክረው የልብ ጥቃትን መቀነስ አልቻሉም። ስለዚህ ኤልዲኤላችሁ 170 ከሆነ 75 የሆነ ኤችዲኤል አያካክሰውም።

ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለውስ?

የኤልዲኤል ዘመድ ነው፤ ላዩ ላይ ተጨማሪ ፕሮቲን የተጣበቀበት። ኖርዌያዊው ኮሬ በርግ እ.ኤ.አ. በ1963 አገኘው። መጠኑን የሚወስነው ዘር ነው። ምግብም ስፖርትም ብዙ አይለውጠውም። በዓለም ላይ ከአምስት ሰዎች በአንዱ ላይ ከፍ ያለ ነው፤ አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ላይ ደግሞ በአማካይ ይበልጣል። ዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ መለካት ይበቃል። ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ኤልዲኤሉ፣ ግፊቱና ሲጋራው ላይ ይበልጥ መጥበቅ ነው።

መድኃኒቱን ጀምሬ ቁጥሩ ወረደ። አሁን ላቁመው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። በተደጋጋሚ የማየው ነገር አለ። ሰውየው አቶርቫስታቲን የሚባለውን፣ ከስታቲኖች ወገን የሆነውን የኮለስትሮል መድኃኒት ይጀምራል። ከሁለት ወር በኋላ ኤልዲኤሉ ከ168 ወደ 84 ይወርዳል። ወረቀቱን ይዞ በደስታ ይመጣል፤ «ዳንኩ» ይለኛል። ከዚያ ይጠፋል።

84 ያደረገው ኪኒኑ ነው። ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደነበረበት ይመለሳል። እንደ ወባ መድኃኒት ተጨርሶ የሚያበቃ አይደለም። ቁጥሩ መውረዱ መድኃኒቱ መሥራቱን ነው የሚያሳየው። ከባድ ወጪ ከሆነባችሁ ሳታቆሙ ንገሩን፤ ዋጋው የሚቀንስ አማራጭ ሊኖር ይችላል።

ስታቲኖች ጉበት ኮለስትሮል የሚሠራበትን መስመር ያዳክማሉ። ጉበቱ ሲያንሰው ኤልዲኤልን ከደም አብዝቶ ይለቅማል። የመጀመሪያውን ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የሻጋታ ዓይነቶችን ፈትሾ። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞች ተሳትፈዋል፤ ሲምቫስታቲን በወሰዱት ላይ ሞት በ30 ከመቶ ቀንሷል። ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር በወረደ ቁጥር የልብ ጥቃትና ስትሮክን የመሳሰሉ ከባድ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳሉ።

ጡንቻ ይበላል፣ ጉበት ይጎዳል ይሉኛል።

የጡንቻ ሕመም የሚሰማው ሰው አለ። አብዛኛው ቀላል ነው፤ መጠን በመቀነስ ወይም ዓይነቱን በመቀየር ይስተካከላል። እውነተኛ የጡንቻ መጎዳት በጣም ብርቅ ነው። ከባድ የጡንቻ ሕመምና ድካም መጥቶ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ከባድ የጉበት ጉዳትም ብርቅ ነው። ለስኳር በሽታ ቀድሞውኑ በተጠጉ ሰዎች ላይ ስኳሩን ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ይበልጣል። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

አንድ ነገር አደራ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን ከሲምቫስታቲን ጋር አብሮ አይወሰድም፤ ከአቶርቫስታቲን ጋርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሪቶናቪር ያለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶችም እንዲሁ። አዲስ መድኃኒት ስትገዙ «ስታቲን እወስዳለሁ» በሉ። ሳትጠየቁ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሎሚ በሙቅ ውሃስ?

ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ትንሽ ሊያወርዱ ይችላሉ። ምግብ ላይ ተጠቀሙባቸው፤ ደስ ይለኛል። ስታቲን በግማሽ የሚያወርደውን ግን አይተኩም። ሎሚ ደም ሥር ውስጥ ያለ ስብ አያቀልጥም።

ረመዳን ላይ መድኃኒቱን እንዴት ልውሰድ?

ቀላል ነው። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳሉ፤ ኢፍጣር ላይም ሱሁር ላይም ይሆናል። ሲምቫስታቲን ማታ ይሻላል። የዐቢይ ጾም ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ ቁጥራቸው ሲወርድ ያያሉ፤ ሥጋና ቅቤ ስለሌለ። ፋሲካ ሲመጣ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ በጾም የተለካውን ቁጥር አይታችሁ መድኃኒት አታቁሙ።

ውጤቴ 4.3 ነው የሚለው። ዝቅ ብሏል ማለት ነው?

አይደለም፤ መለኪያው ሌላ ነው። አንዳንድ ላብራቶሪ በሚሊሞል በሊትር ነው የሚጽፈው። ለኮለስትሮል፣ ለኤልዲኤልና ለኤችዲኤል በ38.7 አባዙት፤ 4.3 ኤልዲኤል 166 ነው። ለትራይግሊሰራይድ ግን በ88.6 ነው የሚባዛው።